ቤቱ ሲፈርስ ድንጋዩ የት ይሄዳል?

ደሴ ውስጥ አሮጌ ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ ገዢ የሚያገኘው ቆርቆሮው ነው። ሰዎቹ ገና ጣሪያ ላይ ሆነው ሚስማር ሲነቅሉ ከታች ዋጋ የሚጠይቅ ይቆማል። የድሮ ቆርቆሮ ወፍራም ስለሆነ ቢዝግም ይፈለጋል። አጥር ይሆናል፣ የበግ ቤት ይሆናል፣ የጓሮ ማድቤት ይሆናል። ቀጥሎ በርና መስኮት ይወርዳል። ከዚያ ወራጁ፣ ማገሩ፣ ቋሚው። የተጣመመ ሚስማር እንኳን አይጣልም፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ እያቀና የሚሰበስብ ልጅ ሁሌም አለ። ብረታ ብረቱን ቆራሌ ይወስደዋል። ድንጋዩ መጨረሻ ይቀራል። ከባድ ነዋ፣ ደሴም ድንጋይ አጥታ አታውቅም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ድንጋዩ ነው። በተለይ ጥርቡ። ከጣሊያን ጊዜ ወይም ከዚያ ትንሽ ወዲህና ወዲያ የተሠራ ቤት ሲፈርስ ማዕዘኑ የተስተካከለ፣ ፊቱ በመሮ የተለቀመ ድንጋይ ይወጣል። ዛሬ እንዲህ ጥረቡልኝ ብትሉ ዋጋውን ሰምታችሁ ብሎኬት ይሻለኛል ነው የምትሉት። ያ ድንጋይ ሲኖትራክ ላይ ይጫንና ሌላ ሰፈር ሄዶ መሠረት ውስጥ ይቀበራል። ከተማችን ተዳፋት ላይ ናት፣ ያለ ድጋፍ ግንብ ቤት የሚቆምበት ቦታ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ከጦሳ ተራራ ሥር ጀምራችሁ ቁልቁል ብትወርዱ በየግንቡ ውስጥ የስንቱ የድሮ ቤት ፊት ወደ አፈሩ ዞሮ እንደተቀመጠ ማን ያውቃል።

ግን ዛሬ ሙሾ ላወርድ አይደለም። በዓለም ላይ የምናደንቃቸው አሮጌ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከነሱ በፊት ከነበረ ሕንፃ በተወሰደ ዕቃ የተሠሩ ናቸው። ንጉሡም፣ ጳጳሱም፣ ሱልጣኑም፣ ስሙ ያልተጻፈው ግንበኛም የድሮውን አንስቶ አዲስ ሠርቷል። እንደውም ከጥንት የተረፈልን ብዙው ነገር የተረፈው አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ስለፈለገው ነው። ሙዚየም የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ዕቃን የሚያቆየው ጥቅሙ ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ያለው አወሳሰዱ ላይ ነው፤ ዕቃው ማንነቱን ይዞ ይሄዳል ወይስ ተቀጥቅጦ፣ ተቃጥሎ፣ ቀልጦ ይጠፋል? በዚህ ላይ ትንሽ ላውራችሁ።

ሮም ውስጥ ከኮሎሲየም አጠገብ የቆስጠንጢኖስ የድል በር አለ። ቆስጠንጢኖስ ያው የእኛው ነው፣ የንግሥት እሌኒ ልጅ። ግሸን ወጥቶ የሚያውቅ ወሎዬ ታሪኩን ከእኔ መስማት አያስፈልገውም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ312 ተቀናቃኙን ማክሴንቲየስን አሸነፈ፣ በ315 ይሄ 21 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው በር ተመረቀለት። በሩ ላይ ካሉት ቅርጾች ዋና ዋናዎቹ ግን ለእሱ የተሠሩ አይደሉም። የትራያን፣ የሐድሪያንና የማርከስ ኦሬሊየስ ናቸው፤ ሁሉም ከእሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው የነገሡ። ሐድሪያን አውሬ ሲያድን የሚያሳዩ ክብ ቅርጾች አሉ። ቀራጮቹ የሐድሪያንን ፊት ፍቀው የአዲሱን ንጉሥ ፊት ሠሩበት። ገላው የሐድሪያን፣ ፈረሱ የሐድሪያን፣ ፊቱ ብቻ የሌላ ሰው።

በእነዚህ መካከል ለቆስጠንጢኖስ ተብሎ በዚያው ጊዜ የተቀረጸ ጠባብ ረድፍ አለ። ሰዎቹ አጫጭር ናቸው፣ ጭንቅላታቸው ለገላቸው ይተልቃል፣ ንጉሡ መሃል ተቀምጦ ፊት ለፊት ያያል። ሠዓሊው ራፋኤል ከድል በሩ ይሄኛውን ክፍል በጣም ንቆታል፤ የአሮጌዎቹን ነገሥታት ቅርጽ ግን አድንቋል። ባይናቅ ነበር የሚገርመው፣ ለእሱ ዓይን ጥበቡ የወደቀበት ዘመን ነበር። እኔ ፎቶውን ሳየው ግን አላስጠላኝም። ፊት ለፊት የሚያይ፣ ዓይኑ የጎላ፣ በማዕረጉ ልክ የሚተልቅ ሰው በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ እያየን ነው ያደግነው።

ለምን የሌላ ሰው ቅርጽ ወሰዱ? አንዳንዶች ጊዜ አጥሯቸው ነው ይላሉ፣ አንዳንዶች ጎበዝ ቀራጭ ጠፍቶ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሆን ተብሎ ነው፣ ሕዝቡ ከሚወዳቸው ነገሥታት ጋር አንድ ላይ ልቆም ማለቱ ነው ይላሉ። እኔ ሁሉም ይመስለኛል። ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይከብደውም። መጀመሪያ ያለህን ዕቃ ታያለህ፣ ምክንያቱን በኋላ ታሳምርበታለህ።

አሁን ወደምወደው ልሂድ፣ ወደ ኮርዶባ። ስፔን ውስጥ ነው። ቀዳማዊ አብዱራህማን ገዢው የኡመውያ ቤተሰብ ሲጨፈጨፍ ከደማስቆ አምልጦ እዚያ ድረስ የሄደ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ785 አካባቢ ትልቁን መስጊድ ማሠራት ጀመረ። ዓምድ ያስፈልገዋል፣ ብዙ ዓምድ። በአካባቢው ደግሞ የሮማውያንና ከነሱ በኋላ አገሩን የገዙት የቪዚጎቶች ፍርስራሽ ሞልቷል። ስለዚህ ሰበሰቡ። እብነ በረዱም፣ ግራናይቱም፣ ቀዩም፣ ግራጫውም፣ ሸንተረር ያለውም የሌለውም መጣ። ራሳቸው ላይ ያለው ጉልላት መሳይ ቅርጽ እንኳን አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም።

ችግሩ ቁመት ነው። ዓምዶቹ ለእንዲህ ያለ ሰፊ አዳራሽ አጫጭር ናቸው። ጣሪያውን እነሱ ላይ ብታሳርፉት አዳራሹ ጨለማ፣ የታፈነ፣ እንደ ምድር ቤት የሚከብድ ይሆናል። ረጅም ዓምድ አዲስ ማስጠረብ ይቻል ይሆናል፣ ግን ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ግንበኞቹ ሌላ ነገር አሰቡ። አጭሩን ዓምድ አቆሙ፣ ዓምዱ አናት ላይ ሌላ ወፍራም ቋሚ ግንብ ቀጠሉበት፣ ከዚያ ዓምዱን ከዓምዱ በቅስት አያያዙት፣ ከዚያ ቅስት በላይ ደግሞ ሁለተኛ ቅስት ሠሩ። የታችኛው ቅስት ከላዩ ምንም አይሸከምም፤ በባዶ አየር ላይ ተዘርግቶ ዓምዶቹ ግራና ቀኝ እንዳይሄዱ ያዝ ያደርጋል። የላይኛው ጣሪያውን ይሸከማል። ቅስቶቹን በነጭ ድንጋይና በቀይ ጡብ እያፈራረቁ ሠሯቸው። በሁለቱ ቅስቶች መካከል ብርሃንና አየር እንደልቡ ያልፋል።

ያ ቀይና ነጭ የቅስት ጫካ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ፎቶ ከሚነሡት የሕንፃ ውስጦች አንዱ ነው። ዛሬ ካቴድራል ነው፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበታል፣ ከ850 በላይ ዓምዶቹ ግን እንደቆሙ ናቸው። የሚገርመው በኋላ፣ በአሥረኛው ክፍለ ዘመን፣ ዳግማዊ አል ሐከም መስጊዱን ሲያስፋፋ አቅሙም ገንዘቡም ስለነበረው አዳዲስ ዓምድ አስጠርቧል። ግን የድሮዎቹን መጠን ጠብቆ፣ ያንኑ ድርብ ቅስት ደግሞ ነው የሠራው! መጀመሪያ በአጭር ዓምድ ምክንያት የመጣ መላ፣ በኋላ ረጅም ማስጠረብ የሚችል ሰው ወዶት የደገመው መልክ ሆነ። ከጽሑፌ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ያዙልኝ። አሮጌ ዕቃ ግንበኛውን ያስቸግረዋል፣ ሲያስቸግረው ያስባል፣ ሲያስብ ማንም ያላየው ነገር ይወጣዋል። ብሎኬት እኮ አያስቸግርም፣ ሁሉም እኩል ነው። ለዚያም ነው ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ የተሠራው አዲስ ቤት ሁሉ አንድ ሰው የሠራው የሚመስለው። (ባለቤቶቹ አትቀየሙኝ፣ የኔም ቤት ከነሱ አይለይም።)

ኢስታንቡል ደግሞ ከመሬት በታች አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ፣ በንጉሥ ዮስጢኒያኖስ ዘመን፣ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ። 336 ዓምዶች አሉት፣ ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ የመጡ። ሁለቱ ዓምዶች የቆሙት የሜዱሳ ራስ ላይ ነው። ሜዱሳ ማለት በግሪኮች ተረት ፀጉሯ እባብ የሆነ፣ ያያትን ሁሉ ወደ ድንጋይ የምትቀይር ሴት ናት። አንደኛው ራስ በጎኑ ተጋድሟል፣ ሌላኛው ቁልቁል ተዘቅዝቋል። አስጎብኚዎች ኃይሏን ለማክሸፍ ነው የዘቀዘቋት ይላሉ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ፎቶውን ሰፈራችን ላሉ አንድ ትልቅ ግንበኛ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን ለምን የዘቀዘቋት ይመስልዎታል?»

ስልኬን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት። «ዓምዱ አጥሮ ነዋ። በቁሟ ብትቀመጥ አትመጥንም፣ ብትዘቀዘቅ ልክ መጣች። ደሞ ውኃ ውስጥ አይደል የምትገባው? ማን ሊያያት ነው?»

«ታሪክ አዋቂዎቹ እኮ ብዙ ነገር ይላሉ።»

«ይበሉ ልጄ። አብሽር፣ እኔ የማውቀው ግንበኛ ነው።»

ብዙዎቹ አጥኚዎችም እንደ ጋሼ ነው የሚያስቡት። ማጠራቀሚያው ውኃ ሲሞላ ያን ራስ የሚያየው ዓሣ ብቻ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቀኝ ግን የግብፁ ነው። ፈርዖን አኬናተን የድሮዎቹን አማልክት ትቶ አተን የተባለውን የፀሐይ አምላክ ብቻ አምልኩ ያለ ሰው ነው። ቤተ መቅደሶቹን ቶሎ ለመጨረስ ድንጋዩን አንድ ሰው ሊሸከመው በሚችል መጠን አስጠረበ፣ ርዝመቱ 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሲሞት ተተኪዎቹ ስሙን ከምድር እናጥፋ አሉ። ቤተ መቅደሶቹን አፈረሱ። ያን ሁሉ ድንጋይ የት ያድርጉት? ፈርዖን ሆሬምሄብ ካርናክ ላይ ትልልቅ የበር ግንቦች እያሠራ ስለነበር የግንቦቹን ሆድ በዚያ ድንጋይ ሞላው። ፀሐይ አላገኘውም፣ ዝናብ አልነካው፣ ማንም አልፋቀው። ከ3,000 ዓመት በላይ ቆይቶ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግንቦቹ ሲታደሱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የተቀረጸ ድንጋይ ወጣ፣ ከነቀለሙ ያለም ነበረበት። በ1960ዎቹ እያንዳንዱን ፎቶ አንሥተው የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም በኮምፒውተር መፈለግ ጀመሩ። ሊያጠፉት የተነሡት ሰዎች ናቸው አስቀምጠው ያቆዩልን።

የሮዜታ ድንጋይም እንዲሁ ነው። በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ተጽፎ የግብፅን ጥንታዊ ፊደል ለመፍታት ቁልፍ የሆነው ያ ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1799 ሲገኝ ራሺድ አጠገብ ያለ ምሽግ ግድግዳ ውስጥ ተገንብቶ ነበር። አንድ ግንበኛ ጥሩ ድንጋይ ነው ብሎ አነሣው፣ ግድግዳው ውስጥ ከተተው፣ በቃ። የፈረንሳይ ወታደሮች ምሽጉን ሊያጠናክሩ ሲቆፍሩ አገኙት። የጊዛ ፒራሚዶች ልባስ ድንጋይ ደግሞ እየተነቀለ ካይሮ ሄዷል፣ በተለይ ከ1303ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ። የካፍሬ ፒራሚድ ጫፍ ላይ ቆብ መስሎ የቀረው የዚያ ልባስ ትራፊ ነው።

ወደ ሀገራችን ልምጣ። የሓ፣ ከአድዋ ወጣ ብሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ፤ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተስተካክሎ የቆመ። እስካሁን የቆመበት አንዱ ምክንያት ክርስትና ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስላገለገለ ነው። አጠገቡ ያለው የአቡነ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደግሞ ከጥንቱ ዘመን የቀረ የዋልያ ቅርጽ ተገንብቶ ይታያል። ያን ድንጋይ ያነሣው ግንበኛ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ መገንባት ይችል ነበር። ወደ ውጭ አዞረው። ይቺ ትንሽ ውሳኔ ናት ለእኔ ጥበብ የምትባለው።

ብራና መጻሕፍት ላይም አለ። የጥንት መጽሐፍ ገበታውን ገልጣችሁ ከውስጥ በኩል ስታዩ ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ከሕንድ ወይም ከሌላ ሩቅ ሀገር የመጣ ሐር ሊሆን ይችላል። ልብስ ሆኖ ያለቀ ሐር ቁራጩ አይጣልም፣ መጽሐፍ ውስጥ ይገባል። የወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታ ይመዘገባል። ብራና ውድ ነው፣ ባዶ ቦታ አይተውም።

ወሎ ላይ ግን ትልቁ ምሳሌ ጠገራ ብር ነው። የማርያ ትሬዛ ብር። ፊቷ ላይ የኦስትሪያ ንግሥት አለች፣ ዓመተ ምሕረቱ 1780 ነው፣ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲመቷት ኖረዋል። 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ከመቶ 83 እጅ ንጹሕ ብር ናት። ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስመቱ በኋላም ገበያው ብዙ ጊዜ እሷን አልለቀቀም። ሙሶሊኒ እንኳን ለወረራው ሲዘጋጅ ሮም ውስጥ አስመትቷታል። ታዲያ ይቺ ገንዘብ ባንክ አልገባችም፣ አንገት ላይ ገባች። ብር ሠሪው ያቀልጣታል፤ ድሪ ትሆናለች፣ አልቦ ትሆናለች፣ የጆሮ ጉትቻ ትሆናለች፣ የአንገት መስቀል ትሆናለች። የወሎ ሴት፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ በሰርጓ ቀን የኦስትሪያን ንግሥት ለብሳ ነው የወጣችው ብል ማጋነን አይሆንም። ሠሪው ዋጋ ሲያወጣም በዚያችው ብር ክብደት ነበር የሚመዝነው፣ ወቄት የምንለው ከእሷ ጋር እኩል ነው።

አንዳንድ መስቀል ግን አልቀለጠም። ብሯን እንዳለች በመጋዝና በሞረድ ቆርጠው መስቀል አወጡባት። ጀርባውን ገልበጥ ስታደርጉት የንግሥቲቱ ፀጉር፣ የንስሩ ላባ፣ ወይም የላቲን ፊደል ቁራጭ ይታያል። ከሁለቱ የትኛውን እንደምመርጥ ታውቃላችሁ። የቀለጠው ቆንጆ ነው፣ ግን ከየት እንደመጣ አይናገርም። የተቆረጠው ይናገራል። ያሳዝናል፣ የአያቶቻችን ድሪና አልቦ ራሱ አሁን በኪሎ ተሸጦ እየቀለጠ ነው።

ተራውን ነገር ልርሳው እንዴ? ከ77ቱ ድርቅ በኋላ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ተዘርግቶ በር ሆኗል፣ ትንንሹ ጣሳ ኩራዝ ሆኗል። ጎማው በረባሶ ሆኗል። የስንታችን ትምህርት ቤት ደወል የመኪና ቸርኬ ነበር፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ በብረት የሚመታ? የተሰበረ ምጣድና እንስራ ገል ሆኖ ፍም ተሸክሟል፣ ዕጣን አጭሷል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ያለባት ከተማ ስለሆነች ደግሞ ኮንቴነሩ ሱቅ ይሆናል፣ ፀጉር ቤት ይሆናል፣ ጁስ ቤት ይሆናል። መስኮቱን በብየዳ ይቆርጡለታል፣ ከውስጥ በኮምፔርሳቶ ይለብሳል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራውን ሰው አላህ ያበርታው እንጂ ሐሳቡስ ጥሩ ነበር።

አሁን መራራውን ላንሣ። ሁሉም መልሶ መጠቀም ደግ አይደለም። ሮም ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት እብነ በረድ ሐውልት እቶን ውስጥ እየገባ ኖራ ሆኗል። እብነ በረድ ሲቃጠል ምርጥ ኖራ ይወጣዋል፣ ስለዚህ የአማልክቱ እጅና እግር፣ የነገሥታቱ ፊት፣ የዓምዱ ራስ ሁሉ ተቃጥሎ ኖራ ሆነ። ንጉሠ ነገሥት ማዮሪያን እ.ኤ.አ. በ458 የሕዝብ ሕንፃ እያፈረሳችሁ ዕቃውን አትውሰዱ ብሎ ሕግ አውጥቷል፣ የሰማው ግን የለም። ቅድም ያነሣሁት ራፋኤል በ1519 አካባቢ ለጳጳሱ ለሊዮ 10ኛ በተጻፈ ደብዳቤ ይሄ የምናየው አዲስ ሮም በጥንት እብነ በረድ ኖራ የተሠራ ነው እያለ አልቅሷል። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ጳጳስ ኡርባን 8ኛ፣ የባርቤሪኒ ቤተሰብ ልጅ፣ የጥንቱን የሮም ቤተ መቅደስ የፓንቴዮንን መግቢያ ጣሪያ የነሐስ ወራጆች አስነቅሎ አብዛኛውን መድፍ አደረገው። ሮማውያን «ባርባሪያን (አረመኔዎቹ) ያላደረጉትን ባርቤሪኒ አደረገው» ብለው ቀለዱ። ፓንቴዮን ራሱ የተረፈው በ609 ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው። ያው ሕንፃ፣ በአንድ በኩል አገልግሎት አዳነው፣ በሌላ በኩል አገልግሎት ዘረፈው።

ለድል ማሳያ የሚወሰደው ደግሞ ሌላ ነው። ሕንድ ውስጥ ዴልሂ፣ ቁጥብ ሚናር ከሚባለው ማማ አጠገብ ያለው መስጊድ ላይ በ27 ቤተ መቅደሶች ዕቃ እንደተሠራ በጽሑፍ ተቀምጧል፣ በኩራት። ቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉት አራት የነሐስ ፈረሶች በ1204 ከቁስጥንጥንያ፣ ከዛሬዋ ኢስታንቡል፣ የተዘረፉ ናቸው፤ ናፖሊዮን በ1797 ከቬኒስ ዘርፎ ፓሪስ ወሰዳቸው፣ በ1815 ተመለሱ። ወደ ቬኒስ ነው የተመለሱት፣ ቁስጥንጥንያን የጠየቃት የለም። የኛው የአክሱም ሐውልት በ1937 ሮም ሄደ፣ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 ቆመ። እዚህ ላይ ስለ ሥነ ሕንፃ ከማውራት ስለ ጉልበት ማውራት ይቀላል። ድንጋዩ አስፈልጓቸው አልነበረም፣ መውሰዳቸው እንዲታይ ነበር።

ደሴ ላይ የሚታየው ዘረፋ አይደለም፣ ቸልታ ነው። የጥድ በር፣ ሁለት ተከፋች፣ ላዩ ላይ ቅርጽ ያለው፣ ካሳፎርማ ሆኖ ሶሌታ ሲሞላበት አይቻለሁ። ኮንክሪቱ ደርቆ ሲነቀል ተሰነጣጠቀ፣ ከዚያ ማገዶ ሆነ። ጣውላ ውድ ነው፣ ሠራተኞቹ ላይ አልፈርድም። ግን በዚያው ሳምንት እዚያው ከተማ አንድ ካፌ አዲስ እንጨት በእሳት እያቃጠለና በሽቦ ብሩሽ እየፈተገ «የጥንት» የሚመስል ግድግዳ ያሠራ ነበር። ከፍሎ! እውነተኛው አሮጌ ሦስት መንገድ አልፎ በነፃ ይነዳል፣ እዚህ ሐሰተኛ አሮጌ በካሬ ይሸጣል።

እኔ ከእንዲህ ዓይነት የፈረሰ ቤት ሁለት የመስኮት መዝጊያ ገዝቼ ነበር። ከመስኮቴ ይረዝማሉ። አናጢው መጋዙን አወጣ፣ «ከታች እቆርጠዋለሁ» አለ። ከታች ያለው ደግሞ ቅርጹ ነው። መስኮቱን ከላይ አስረዝምልኝ አልኩት። ግድግዳ ለመስበር ግንበኛ ያስፈልጋል፣ ሲሚንቶ ያስፈልጋል፣ የጨረታ ያህል ተከራከርን። በመጨረሻ ግድግዳው ተሰበረ። ወጪው አዲስ አሉሚኒየም መስኮት ይገዛ ነበር፣ ይሄን አልደብቃችሁም። ክረምት ላይ በስንጥቁ ነፋስ ይገባል፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ክፍሉ ግን አሁን ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ከፍ ያለ መስኮት አለው፣ ጠዋት ፀሐይ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ትደርሳለች። ያን መስኮት በራሴ ሐሳብ አላስረዝመውም ነበር።

ስለዚህ ቤት ልታፈርሱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አታፍርሱ አልላችሁም፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ዝናብ እየገባበት የሚኖር ሰው ስብከት አያስፈልገውም። ግን ዲጂኖ ከመግባቱ በፊት ስልካችሁን አውጡና ቤቱን ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሡ። በሩን ከነመቃኑ አውጡት፣ ለብቻው ከተነቀለ ማንም ሳይጣመም አይገጥመውም። ለአናጢ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ቀድሞ ካየው ከማገዶ ዋጋ በላይ ይገዛችኋል። ቆርቆሮውን የሚገዛው ሰው ጥርቡንም በአንድ ላይ ልውሰድ ቢል ለይታችሁ ተዋዋሉ።

ጥርብ ድንጋዩን ደግሞ እንደገና ፊት አድርጋችሁ ልትሠሩበት ከፈለጋችሁ ሳይፈርስ ቁጥር ጻፉበት። ግብፅ ውስጥ የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደሶች የአስዋን ግድብ ውኃ እንዳይውጣቸው ከ1964 እስከ 1968 ቆራርጠው ከነበሩበት 65 ሜትር ገደማ ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወስዷቸው እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ነበረው፣ ያለዚያ ማን ይገጥመው ነበር? እናንተ ክሬን አያስፈልጋችሁም። አንድ ጣሳ ቀለምና አንድ ብሩሽ ይበቃል። ቅስትና የመስኮት ዙሪያ ካለው በተለይ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሩ፣ የቆጠራችሁትን ፎቶ አንሡ። ግንቡ ላይ እያለ ፊቱ ላይ በጠመኔ ጻፉ፣ ሲወርድ በቀለም ጀርባው ላይ ገልብጡት። ፊቱ ላይ በቀለም ከጻፋችሁ አይለቅም።